የማኑፋክቸሪንግና የማሽኒንግ ትምህርት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች ወደ ወርክሾፕ ሲገቡና የማኑፋክቸሪንግ ኮርስ ሲጀምሩ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። መልሶቹ እኩል ርዝመት የላቸውም፤ ጥያቄዎቹም እኩል ክብደት የላቸውምና።

ወደፊት የምሠራው በኮምፒውተር ላይ ዲዛይን ነው። ማሽን ፊት ቆሜ ብረት መቁረጥ ለምን ያስፈልገኛል?

ኮምፒውተሩ እምቢ ስለማይል ነው። በካድ ሶፍትዌር ላይ ባለ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ስትስሉ የውስጥ ጥጎቹን ፍጹም ሹል ማድረግ ጊዜ አይፈጅም። ያንን ጉድጓድ የሚያወጣው የሚሊንግ መቁረጫ (እየተሽከረከረ ብረት የሚቆርጥ) ግን ክብ ነው፤ ዲያሜትሩ 6 ሚሊሜትር ከሆነ ከ3 ሚሊሜትር ያነሰ የጥግ ራዲየስ ሊሠራ አይችልም። ጉድጓዱ ጥልቅ ሲሆን ደግሞ መቁረጫው ቀጭንና ረዥም መሆን ይኖርበታል፤ ቀጭንና ረዥም ነገር ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ የጉድጓዱ ግድግዳ ያዘነብላል። ሹል ጥግ የግድ ካስፈለገ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብረትን የሚበላ ኢዲኤም የተባለ ማሽን አለ። ያ ግን ሌላ ማሽን፣ ለብቻው የሚዘጋጅ ኤሌክትሮድና ተጨማሪ የሥራ ቀን ማለት ነው። ዲዛይነሩ በአንዲት መስመር የወሰነውን ባለማሽኑ በሰዓታት ይከፍለዋል።

የወርክሾፕ ልምምድ ዓላማ እያንዳንዱን ተማሪ የተዋጣለት የቶርኖ (ብረቱን እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን) ሠራተኛ ማድረግ አይደለም፤ ያ ዓመታት የሚፈልግ ሙያ ነው። ዓላማው ንድፍ ላይ የምታሰፍሩት እያንዳንዱ መስመርና ቁጥር አንድ ሰው በአንድ ማሽን ላይ እንዲፈጽመው የሚሰጥ ትእዛዝ መሆኑን እንድታውቁ ነው።

የሂደቶቹ ዝርዝር አያልቅም። ሁሉንም መሸምደድ አለብኝ?

የለባችሁም። ሂደቱ ብረቱን ምን ያደርገዋል ብላችሁ ብትጠይቁ ዝርዝሩ በጥቂት ቤተሰቦች ይሰበሰባል። አንዱ ያቀልጠውና በቅርጽ ውስጥ ያፈሰዋል። ሌላው ሳያቀልጥ በኃይል ቅርጹን ይለውጠዋል፤ መቀጥቀጥ፣ በሮለር መዳመጥና ቆርቆሮ ማጠፍ ከዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው ትርፉን ቆርጦ ይጥላል፤ ማሽኒንግ የምንለው ይህ ነው። ብየዳ ያገናኛል፤ የዱቄት ብረት ሥራ ጨምቆ በሙቀት ያያይዛል፤ ስሪዲ ህትመት ንብርብር በንብርብር ላይ ይጨምራል።

ቤተሰቦቹን ካወቃችሁ በኋላ ጥያቄው የምርጫ ይሆናል። የብሎን መፍቻ ቁልፍ እንውሰድ። አሥር ብቻ ከተፈለገ ከጠፍጣፋ ብረት በሚሊንግ መቁረጥ ይሻላል። መቶ ሺህ ከተፈለገ ግን ለመቀጥቀጫ የሚሆን ዳይ (የዕቃው ቅርጽ የተቀረጸበት ማተሚያ) ማሠራት፣ ብረቱን ማጋልና በዳዩ ውስጥ መምታት ያዋጣል፤ በዚያ ላይ የብረቱ ውስጣዊ አሰላለፍ የቁልፉን ቅርጽ ተከትሎ ስለሚፈስ ቁልፉ ይበልጥ ይጠነክራል። በማፍሰስስ? ይቻላል፤ ነገር ግን ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፦ ካስት አይረን 1 በመቶ፣ ስቲል ደግሞ 2 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ሞዴሉ በዚያው መጠን ተልቆ ይሠራል፤ በውስጡ የሚቀር የአየር ቀዳዳም ያሰጋል። የተቀጠቀጠው ቁልፍ ራሱ በመጨረሻ ወደ ማሽኒንግ ይመጣል፤ ብሎኑን የሚይዘው አፉ ልኩን የሚያገኘው እዚያ ነውና። እውነተኛ ዕቃ በአንድ ሂደት ብቻ ተሠርቶ የሚያልቀው አልፎ አልፎ ነው። የመማሪያ ምዕራፎቹ ተለያይተው መጻፋቸው ይህን ይሸፍነዋል።

ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ) ማሽን እያለ በእጅ በሚነዳ ቶርኖ መጀመር ጊዜ ማባከን አይደለም?

አይደለም። በእጅ የሚነዳው ማሽን ይመልስላችኋል። መቁረጫው ሲደነዝዝ እጀታው ይከብዳል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ሽታው ይመጣል። ሲኤንሲ ማሽን ግን የተጻፈለትን ይፈጽማል። በጂ-ኮዱ (ለማሽኑ በሚጻፈው ትእዛዝ) ላይ አንዲት የመቀነስ ምልክት ከተረሳች መቁረጫውን በሙሉ ፍጥነት ወደ ቻኩ (ብረቱን ወደሚይዘው የማሽኑ ክፍል) ይሰደዋል፤ አደጋው ከመድረሱ በፊት ኮዱን አንብቦ ነገሩ የሚሸተው ደግሞ በእጁ ቆርጦ የሚያውቅ ሰው ነው።

ቁጥራዊ ቁጥጥር ያለው የሚሊንግ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ለእይታ ከቀረበ ወዲህ የተለወጠው በዋናነት እጀታውን የሚያዞረው ማን እንደሆነ ነው። መቁረጫው ከብረቱ ጋር የሚገናኝባት ነጥብ ላይ ያለው ኃይልና ሙቀት ያው ነው።

በሌላ በኩል ተማሪን ለሳምንታት ሞረድ አስይዞ ከሞርሳ ጋር ማፋጠጥ ትምህርት ነው የሚሉ አሠልጣኞች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አንድን ገጽ በሞረድ ጠፍጣፋ ለማድረግ መሞከር የ0.1 ሚሊሜትርን ትርጉም ያስተምራል፤ ለዚያ ግን ጥቂት የልምምድ ሰዓታት ይበቃሉ።

የማሽኑን ዙር እንዴት ልምረጥ? ሠንጠረዡ አንድ ይላል፣ ባለሙያው ሌላ ይላል።

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምክንያቱን ለማየት ከስሌቱ እንነሳ። ሠንጠረዥ የሚሰጣችሁ የመቁረጥ ፍጥነትን በሜትር በደቂቃ ነው፤ ማሽኑ የሚፈልገው ደግሞ ዙር በደቂቃ ነው። ማገናኛው ቀላል ነው፦ ፍጥነቱን በ1000 አባዝታችሁ፣ ለፓይና ለዲያሜትሩ ብዜት ታካፍላላችሁ። 50 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ለስላሳ ስቲል በሃይ ስፒድ ስቲል (ሙቀት በሚችል ልዩ ስቲል) መቁረጫ በ30 ሜትር በደቂቃ ቢቆረጥ 191 ዙር ገደማ ይወጣል። በካርባይድ (ከዚያ ይበልጥ ጠንካራና ሙቀት በሚችል ቁስ) መቁረጫ በ150 ሜትር በደቂቃ ከሆነ 955 ዙር ነው። ዲያሜትሩ ሲያንስ ዙሩ መጨመር አለበት። የብረቱን ጫፍ በምትልጉበት ጊዜ ወደ መሀል ስትጠጉ ገጹ የሚሻክረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዙሩ ሳይለወጥ ዲያሜትሩ ወደ ዜሮ ሲሄድ የመቁረጥ ፍጥነቱም አብሮ ይጠፋል።

ሠንጠረዡ የማይነግራችሁ የፍጥነት ዋጋ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር ለ26 ዓመታት ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው ጥናት የመቁረጥ ፍጥነትንና የመቁረጫን ዕድሜ በአንድ ቀመር አሰራቸው፦ ፍጥነት ሲባዛ የዕድሜ ኤን-ኛ ኃይል ቋሚ ቁጥር ይሰጣል። ኤን ለሃይ ስፒድ ስቲል 0.125፣ ለካርባይድ 0.25 አካባቢ ነው። ትርጉሙን በቁጥር እዩት። ፍጥነቱን በእጥፍ ብታሳድጉ የካርባይድ መቁረጫው ዕድሜ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል፤ የሃይ ስፒድ ስቲሉ ደግሞ ወደ 1/256። ይህ ለግማሽ ሰዓት ይሠራ የነበረ መቁረጫ በሰከንዶች ውስጥ ደነዘዘ እንደማለት ነው። ባለሙያው ከሠንጠረዡ ቀንሶ የሚሠራው አንዳንዴ ይህንን በቆዳው ስለሚያውቀው ነው። አንዳንዴም ማሽኑ አርጅቶ ስለሚንቀጠቀጥ ነው።

ፍጥነቱን ከመረጣችሁ በኋላ ሞተሩ መቻሉን አስሉ። በ150 ሜትር በደቂቃ፣ በዙር 0.2 ሚሊሜትር ፊድ (መቁረጫው በእያንዳንዱ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት) እና በ2 ሚሊሜትር ጥልቀት ስትቆርጡ በሰከንድ 1000 ኩቢክ ሚሊሜትር ብረት ይነሳል። ስቲል በኩቢክ ሚሊሜትር 3 ጁል ያህል ይጠይቃል ብንል 3 ኪሎዋት ያስፈልጋል፤ በማሽኑ ውስጥ በሰበቃ የሚባክነው ሳይቆጠር። 2 ኪሎዋት ሞተር ላይ ይህን የሞከረ ሰው ማሽኑ ሲቆምበት ጥፋቱን በመቁረጫው ላይ ማሳበብ የለበትም።

ፍቅፋቂውን (ከብረቱ ተቆርጦ የሚወጣውን) ተመልከቱ ይሉናል። ምን አለበት?

ከምትለኩት በፊት የሚነግራችሁ እሱ ነው። በመቁረጥ ጊዜ ከሚፈጠረው ሙቀት አብዛኛውን ይዞ የሚሄደው ፍቅፋቂው ነው። በካርባይድ ስቲል ስትቆርጡ ፍቅፋቂው ወደ ሰማያዊ ቢያደላ የተለመደ ነው፤ በሃይ ስፒድ ስቲል ከሆነ ግን መቁረጫው ጥንካሬውን ሊያጣ ስለሚችል ፍጥነቱን ቀንሱ። የካስት አይረን ፍቅፋቂ በባሕርዩ ተሰብሮ እንደ ብናኝ ይወርዳል። ከለስላሳ ስቲል የሚወጣ ረዥምና የማይቆረጥ ጥምዝምዝ ግን እጅ የሚቆርጥ፣ በሚሽከረከረው ብረት ላይ የሚጠመጠም ነገር ነው፤ ፊዱን ከፍ ማድረግ ወይም ፍቅፋቂ የሚሰብር ጎድጎድ ያለው መቁረጫ መጠቀም ያስፈልጋል።

ፍጥነቱ ዝቅ ሲል ደግሞ በተለይ በለስላሳ ስቲልና በአሉሚኒየም ላይ የብረቱ ፍርፋሪ በመቁረጫው ጫፍ ላይ ይበየዳል፤ ከዚያ እየተገነጠለ ገጹን ያበላሸዋል። ብዙ ተማሪ ገጹ ሲሻክር መጀመሪያ የሚያደርገው ፍጥነት መቀነስ ነው። በዚህ ሁኔታ መድኃኒቱ ተቃራኒው ነው።

ማሽኑ እየጮኸ ገጹ ላይ ማዕበል የመሰለ ምልክት ይተዋል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ መቁረጫው ከመያዣው ምን ያህል እንደወጣ እዩ። በጥንካሬ ኮርስ የተማራችሁት አንድ ጫፉ የታሰረ ምሰሶ እዚህ ይመጣል፦ መታጠፉ ከርዝመቱ ኩብ ጋር ያድጋል። 30 ሚሊሜትር የወጣው 60 ቢሆን በስምንት እጥፍ ይታጠፋል። አሳጥሩት። የሚሠራው ብረት ራሱ ከቻኩ ረዝሞ ከወጣ በሌላኛው ጫፍ ደግፉት። ከዚያም ካልቆመ ዙሩን ዝቅ፣ ፊዱን ትንሽ ከፍ አድርጉ።

ያለ ጩኸትም ቢሆን ፊድ ገጹን ይወስናል። በቶርኖ ላይ የሚቀረው የጎድጎዳ ከፍታ በቀመር ሲታይ የፊድ ካሬ ለመቁረጫው የጫፍ ራዲየስ ስምንት እጥፍ ሲካፈል ነው። ፊዱ 0.2፣ ራዲየሱ 0.8 ሚሊሜትር ከሆነ 0.006 ሚሊሜትር ገደማ ይወጣል። ፊዱን በግማሽ ብትቀንሱ ከፍታው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የሥራው ጊዜ ግን በእጥፍ ይጨምራል።

ቶለራንስ (ከተጻፈው ልክ የሚፈቀደው ልዩነት) ሁልጊዜ ጠባብ ቢሆን አይሻልም?

ይህ ጥያቄ የሚመጣው ቁጥሩን ከጻፈ እንጂ ከሠራ ሰው አይደለም። ለአንድ 25 ሚሊሜትር ሻፍት (ዘንግ) የሚሆን ቀዳዳ በዓለም አቀፉ ሥርዓት ኤች7 ተብሎ ቢጻፍ ከ25.000 እስከ 25.021 ይፈቀዳል። ሻፍቱ ጂ6 ከሆነ ከ24.980 እስከ 24.993። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ክፍተቱ ቢያንስ 0.007፣ ቢበዛ 0.041 ሚሊሜትር ነው፤ ያለ መንገራገጭ ለመንሸራተት ወይም ለመሽከርከር ይበቃል። ይህ ስሌት የሚያሳየው ቶለራንስ ከአገልግሎት የሚወጣ መሆኑን ነው። ማንም የማይነካውን የውጭ ገጽ በመቶኛ ሚሊሜትር ማጥበብ ወደ መፍጫ ማሽን (ገጹን በድንጋይ ወደሚያስተካክለው) ያለ ምክንያት መላክ ነው።

ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ሥራ ላይ ለማዋል የተቸገረው ሐሳብ አጥሮት ሳይሆን ክብነቱን የጠበቀ ሲሊንደር የሚቦረቡርለት አጥቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ አጋማሽ እንግሊዛዊው የብረት አምራች ጆን ዊልኪንሰን በመቦርቦሪያ ማሽኑ ያን ፈታለት፤ 1.27 ሜትር ዲያሜትር ባለው ሲሊንደር ላይ ስህተቱ ከአንድ የገንዘብ ሳንቲም ውፍረት አይበልጥም መባሉ በዚያን ጊዜ የሚያስደንቅ ነበር። ለሞተሩ በቃው። የሚበቃውን ማወቅ የዲዛይነር ሥራ ነው።

መለካትም የቶለራንስ አካል ነው። የልኬት መነሻ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። 100 ሚሊሜትር ስቲል ከማሽኑ ሲወጣ 40 ዲግሪ ከሆነ 0.023 ሚሊሜትር ያህል ረዝሟል። ትኩሱን ለክቶ ልክ ነው ያለ ተማሪ በማግሥቱ ማነሱን ያገኛል።

በንድፉ ላይ ያለውን ሁሉ አውቃለሁ፤ ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም።

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ከሁሉም ያነሰ የሚሰጠውም ይህ ነው። የሥራ ቅደም ተከተል ማውጣት በአንድ ነገር ይመራል፦ ብረቱን በየት ይዤ በየት እቆርጣለሁ?

ሁለት ኩሽኔታ የሚቀመጡበት ሻፍት እንውሰድ። ሁለቱ መቀመጫዎች በአንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። አንዱን ቆርጣችሁ፣ ብረቱን አዙራችሁ በባለ ሦስት መንጋጋ ቻክ እንደገና ብታስሩት የቆረጣችሁት መሀል ከማሽኑ መሀል ጋር አይገጥምም፤ ጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር፣ ባረጀ ቻክ ደግሞ ከዚያም በላይ ይስታል። ሁለቱን ዲያሜትሮች ለየብቻ ብትለኩ ልክ ናቸው፤ ሲገጠሙ ግን ሻፍቱ ይንገዳገዳል። መፍትሔው መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች ልጎ የመሀል ቀዳዳ መብሳት፣ ከዚያ ሻፍቱን በሁለት ሴንተር (በመሀል ቀዳዳዎቹ በሚገቡ ሹል መደገፊያዎች) መካከል ይዞ መቀመጫዎቹን ከዚያው ከአንድ መነሻ መቁረጥ ነው። ሻፍቱ በሙቀት የሚጠነክር ከሆነ ይጣመማልና ከመጠንከሩ በፊት ጥቂት አስረኛ ሚሊሜትር ትተዉና በመጨረሻ በመፍጫ ትጨርሱታላችሁ። የኪይ ቦዩ (ማያያዣ ቁራጭ የሚገባበት ጎድጎዳ) ከመጠንከሩ በፊት ይቆረጣል፤ ከጠነከረ በኋላ የተለመደው መቁረጫ አይበላውም።

አያያዝ የሚደብቀው ሌላ ወጥመድ አለ። ቀጭን ቀለበት በሦስት መንጋጋ አጥብቃችሁ ይዛችሁ ውስጡን ብትቦረቡሩ በማሽኑ ላይ እያለ ፍጹም ክብ ነው። ስትፈቱት ብረቱ ወደ ነበረበት ይመለስና ቀዳዳው ሦስት ጎን ያለው ይሆናል። ክፋቱ፣ ሁለት ነጥብ ብቻ የሚነካ መለኪያ እንዲህ ያለውን ቅርጽ በየትኛውም አቅጣጫ እኩል አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ከመቁረጫው በፊት ስለ መንጋጋው አስቡ።

ለልምምድ አንድ ንድፍ ውሰዱና ማሽን ሳትነኩ ቅደም ተከተሉን በወረቀት ላይ ጻፉ፤ ብረቱ ስንት ጊዜ ተፈቶ እንደሚታሰር ቁጠሩ። ከዚያ አንድ መፍታት የሚቀንስ ሌላ ዕቅድ ፈልጉ።

ማሽን ላይ ጓንት ለምን ይከለክሉናል? እጅ ለመጠበቅ አልነበረም?

በሚሽከረከር ማሽን ላይ ጓንት እጅ አይጠብቅም። የሚሽከረከረው ብረት ወይም የመብሻው ጫፍ ጨርቁን ሲይዝ እጁን ይዞ ይሄዳል፤ ቀለበት፣ የእጅ ሰዓት፣ የተንዠረገገ እጅጌና ያልተሰበሰበ ፀጉርም እንዲሁ። ፍቅፋቂ በመንጠቆና በብሩሽ እንጂ በእጅ አይነሳም። የዓይን መከላከያ መነጽር ከመግቢያው በር ጀምሮ ይደረጋል። የቻክ ቁልፍ ደግሞ እጃችሁ ላይ ወይም ማስቀመጫው ላይ ብቻ ነው የሚኖረው፤ ቻኩ ላይ ተረስቶ ማሽኑ ከተነሳ በወርክሾፑ ውስጥ የሚበር ብረት ይሆናል።

ስሪዲ ህትመት ይህን ሁሉ አይተካውም?

ውስብስብ የውስጥ መተላለፊያ ላለውና በትንሽ ቁጥር ለሚፈለግ ዕቃ ድንቅ ነው። ነገር ግን ከብረት የታተመ ዕቃ ኩሽኔታ የሚቀመጥበትን ልክና ገጽ እንዲያገኝ ባብዛኛው ተመልሶ ማሽን ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ጥያቄው እንደገና በየት ልያዘው ይሆናል።

የወርክሾፕ ሰዓታችን በጣም ትንሽ ነው። ያለ ማሽን ምን መማር ይቻላል?

የተሠሩ ዕቃዎችን ማንበብ። የፕላስቲክ ዕቃ ገልብጣችሁ እዩ፤ ሁለቱ የሻጋታ ግማሾች የተጋጠሙበት ቀጭን መስመር፣ ዕቃውን ከሻጋታው የገፉት ዘንጎች የተዉዋቸው ክብ ምልክቶችና ፕላስቲኩ የገባበት ጠባሳ አለ። ከቆርቆሮ የተበሳ ቀዳዳ ግድግዳ ላይ የሚያብረቀርቅ ንጹሕ ቀበቶና ከሥሩ የተቀደደ ሻካራ ክፍል ይታያል፤ ሹል ጠርዙ ወደየት እንደሆነ ካያችሁ መብሻው ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ፈሶ የተሠራ የሞተር አካል ላይ ሻካራው ከሚያብረቀርቀው ገጽ ጎን ለጎን ይቀመጣል፦ የሚያብረቀርቀው ሌላ ነገር የሚገጥምበት ስለሆነ ተቆርጧል፤ ሻካራው ማንም ስለማይነካው እንዳለ ተትቷል። የዲዛይነሩ ውሳኔ በዓይን የሚነበብበት ቦታ ነው።

ካሊፐርና ማይክሮሜትር ማግኘት ከቻላችሁ ደግሞ አንድን ዕቃ በተለያየ ቀን ለክታችሁ ውጤቱን አነጻጽሩ። ማይክሮሜትር አንድ ዙር 0.5 ሚሊሜትር ይሄዳል፣ ዙሩ በ50 ተከፍሏል፣ አንዱ ክፍል 0.01 ነው። ይህን ማንበብ ቀላል ነው፤ ሁልጊዜ በእኩል ጥንካሬ መጨበጥ ግን ልምምድ ይፈልጋል።

የወርክሾፕ ሪፖርት ላይ ምን ልጻፍ?

ንድፉን፣ ያወጣችሁትን ቅደም ተከተል፣ ያሰላችሁትን ዙርና በእውነት የተጠቀማችሁበትን ዙር ለየብቻ። ሁለቱ ካልተገናኙ ለምን እንደተለያዩ አስረዱ፤ የማሽኑ የፍጥነት ደረጃዎች የተወሰኑ ስለሆኑ መለያየታቸው የተለመደ ነው። ከዚያ የለካችሁትን ልክ በምን መሣሪያ፣ በየትኛው ነጥብ ላይ እንደለካችሁት ጻፉ። ዕቃው ከቶለራንስ ውጭ ከሆነ ቁጥሩን እንዳለ አስፍራችሁ ምክንያቱን ፈልጉ፤ ከመቁረጫው መታጠፍ፣ ከሙቀት ወይም ከአያያዙ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ልኮች እስከ መቶኛ ሚሊሜትር ከንድፉ ጋር የገጠሙበትን የጀማሪ ሪፖርት የሚያነብ አስተማሪ ቀጥሎ የሚጠይቃችሁ ዕቃውን ራሱን እንድታመጡለት ነው።